ደረት ሲያም "ቆይ ይለቀኛል" የሚለውን ነገር እንዴት እንቁረጠው

ሀርት አታክ ላይ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ሰአት የሚባክነው መንገድ ላይ ሳይሆን እቤት ነው፣ ሰውዬው ደረቱን እያሻሸ "ጨጓራዬ ነው" ሲል።

የሚዘገይበት አንዱ ምክንያት ብዙ ሰው ሀርት አታክ ሲባል ዘጭ ብሎ መውደቅ ስለሚመስለው ነው። ግን ቀስ ብሎም ይጀምራል፣ ደረት መሀል ጭምድድ ያደርጋል፣ ወደ ክንድ ወደ መንጋጋ ወደ ጀርባ ይሄዳል፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዛ ለቀቅ ሲያደርገው ሰው ይዘናጋል ተመልሶ ይመጣል። ሴቶች፣ ስኳር ያለባቸውና በእድሜ የገፉ ሰዎች ደግሞ ጭራሽ ደረታቸውን ላያማቸው ይችላል፣ ትንፋሽ ማጠርና ከየት መጣ የማይባል ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። የቃር መድሀኒት ወስዶ ቀለል ቢለው እንኳን ልብ አይደለም ማለት አይደለም!

ሌላው ይሉኝታ ነው። "በሌሊት ሰው አላስቸግርም፣ ሄጄ ምንም የለብህም ቢሉኝስ?" ቢሉህ እሰየው ነው እኮ። የልብ የደም ስር በረጋ ደም ሲዘጋ ጡንቻው በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል፣ የሞተው ደግሞ አይተካም፣ ህክምናው የተዘጋውን መክፈት ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ 1 እና 2 ሰአታት የደረሰ ሰው ብዙ ያተርፋል።

ስለዚህ ውሳኔውን ለታማሚው አትተዉት። "ሀኪም ቤት እንሂድ ወይ?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ "አይ ደህና ነኝ" ነው። ዝም ብላችሁ ደውሉና "አባዬ አምቡላንስ እየመጣ ነው፣ አርፈህ ቁጭ በል" በሉት፣ ቢቆጣም ይቆጣ። 5 ደቂቃ አርፎ ካልለቀቀው አትጠብቁ፣ ህመሙ ከባድ ከሆነ ወይ ካላበውና ትንፋሽ ካጠረው 5 ደቂቃውም አያስፈልግም። ራሱ መኪና እንዳይነዳ፣ ደረጃ እንዳይወጣ እንዳይወርድ። አስፕሪን የማይስማማው ወይም የሚደማበት ችግር ያለበት ካልሆነ ስልኩን ያነሳውን ባለሙያ ጠይቃችሁ 300 ሚሊግራም አኝኮ ይዋጥ። ብቻችሁን ከሆናችሁ በሩን ከፍታችሁ ጠብቁ።

ሀኪም ቤት ስትደርሱ "ደከመው" ሳይሆን "ደረቱን ያመው የጀመረው በዚህ ሰአት ነው" በሉ። የመጀመሪያው ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነበው ምርመራ) ንጹህ ነው ቢባልም ቶሎ ብላችሁ ወደ ቤት አትመለሱ፣ የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳየው የትሮፖኒን የደም ምርመራ ከሰአታት በኋላ መደገም ሊኖርበት ይችላል፣ እሱን ጠይቁ።