ከሲሚንቶ 20 በመቶውን በከሰል አመድ መተካት፦ ለብሎኬት ሠሪዎች

አመድ ፍለጋ ከመውጣትዎ በፊት የሲሚንቶውን ጆንያ ያንብቡ። ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ከሆነ ይቀጥሉ። ፒፒሲ (ፖዞላና ያለበት ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ከሆነ ግን ፋብሪካው ራሱ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ወይም ሌላ ፖዞላና፣ ማለትም ከኖራ ጋር ተዋህዶ የሚጠጥር ነገር፣ ፈጭቶ ጨምሮበታል። የከሰል አመድ ለብቻው ቢቦካ አብዛኛው አይጠነክርም። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ኖራ ይለቃል፤ አመዱ ቀስ እያለ የሚጠጥረው ያንን ኖራ ይዞ ነው። ፒፒሲ ላይ ፑሚሱ ቀድሞ ይሻማዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ጆንያው ውስጥ 30 በመቶ ፑሚስ ቢኖርና 20 በመቶውን በአመድ ቢተኩ፣ የሚቀርዎት ክሊንከር (በእቶን የተጋገረው የሲሚንቶ ዋና አካል) እና ጂፕሰም 56 በመቶ ብቻ ነው። ከፒፒሲ በቀር ሌላ አማራጭ ከሌለዎት ከ10 በመቶ አይለፉ፤ እሱንም ሙከራ ኩብ ሰብረው ካዩ በኋላ።

ቀጥሎ አመዱ። የውጭ አገር መመሪያዎች የሚናገሩት በአብዛኛው ከኤሌክትሪክ ማመንጫ ጭስ ላይ ስለሚያዘው ደቃቅ አመድ፣ ስለ ፍላይ አሽ ነው። የሱ ቅንጣት ክብ ስለሆነ ቡኮውን ያለሰልሳል፣ ውሃም ይቀንሳል። እኛ ጋ መብራቱ በአብዛኛው ከውሃ ስለሚመነጭ፣ የከሰል አመድ የሚገኘው በከሰል እንፋሎት ከሚያፈሉ ፋብሪካዎች ቦይለር ነው፤ ብዙውም ከፍርግርጉ ሥር የሚወድቅ ሻካራ አመድ ነው። (ሲሚንቶ ፋብሪካ ሄዶ አመድ መጠየቅ ድካም ነው፤ እዚያ ከሰሉ ሲነድ አመዱ ከክሊንከሩ ጋር ይዋሃዳል።)

ሻካራውን አመድ እንዳለ ሲሚንቶ ተካሁ ማለት ራስን ማታለል ነው። መጀመሪያ አድርቀው፣ የቀለጠውን ጓል ለይተው፣ የብረት ኳስ ባለው ወፍጮ ያስፈጩት። በ45 ማይክሮን ወንፊት በውሃ ሲታጠብ ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ከ34 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ይህ ኤኤስቲኤም ሲ618 የሚባለው የአሜሪካ የአመድ ጥራት ደረጃ ወሰን ነው። ሁለት ጣት መካከል ሲያሹት እንደ ዱቄት ካልሆነና ከቆረቆረ፣ ላብራቶሪ ሳይልኩት ወደ ወፍጮው ይመልሱት።

ትልቁ ጠላት ያልተቃጠለ ከሰል ነው። አንድ ማንኪያ አመድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጠው ያስቀምጡ፤ ላዩ ላይ ጥቁር ብናኝ በብዛት ከተንሳፈፈ ይጠራጠሩ። ትክክለኛው መለኪያ ግን ላብራቶሪ ነው፦ የደረቀው ናሙና በ750 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተቃጥሎ ክብደቱ ከ6 በመቶ በላይ ከቀነሰ አይሆንም። ይህ ጥቁር ከሰል እንደ ስፖንጅ ውሃና አድሚክስቸር (ቡኮው ላይ የሚጨመር ኬሚካል) ይመጥጣል፤ ሠራተኛው ቡኮው ደረቀብኝ ብሎ ውሃ ይጨምራል፣ ጥንካሬው እዚያ ላይ ያልቃል። እግረ መንገድዎን ሰልፈር ትራይኦክሳይዱንም ያስለኩ፤ ወሰኑ 5 በመቶ ነው።

አሁን ኩቡ። ለንጹሑ (አመድ ለሌለበት ማነጻጸሪያ) 500 ግራም ሲሚንቶ፣ 1375 ግራም መደበኛ የሙከራ አሸዋና 242 ሚሊ ሊትር ውሃ ስድስት ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኩብ ያወጣል። ለባለአመዱ 400 ግራም ሲሚንቶና 100 ግራም አመድ ያድርጉ፤ አሸዋው ያው ነው። ውሃው ግን በፍሎው ቴብል (የቡኮ አፈሳሰስ መለኪያ ጠረጴዛ) ከንጹሑ ጋር እኩል እስኪፈስ ይስተካከላል። እኩል ለማፍሰስ ከ254 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠየቀዎት አመዱ ውሃ ጠጪ ነው። ሦስቱን በ7 ቀን፣ ሦስቱን በ28 ቀን ይስበሩ። ንጹሑ 30 ሜጋፓስካል ከሰጠ፣ ባለአመዱ ቢያንስ 22.5 መስጠት አለበት። የተሰበረውን ፊት ጠጋ ብለው ይዩት፦ ጥቁር ነጥብ ከበዛ ወይም ነጭ የአመድ ጓል ከታየ፣ ችግሩ የአመዱ ባሕርይ ሳይሆን አፈጫጩ ወይም አደራረቁ ሊሆን ይችላል።

ሚክሰሩ ላይ ለአንድ ጆንያ፦ 40 ኪሎ ኦፒሲና 10 ኪሎ አመድ። በሳጥን አይለኩ፤ አመድ ቀላል ስለሆነ እኩል ሳጥን እኩል ክብደት አይደለም። ሲሚንቶውና አመዱ ውሃ ሳይነካቸው ቀለማቸው አንድ እስኪሆን ይደባለቁ። ያው 10 ኪሎ አመድ ከ10 ኪሎ ሲሚንቶ ወደ 1.2 ሊትር የሚጠጋ ተጨማሪ ቦታ ስለሚይዝ፣ ከአሸዋው ወደ 3 ኪሎ ይቀንሱ። ውሃውን ግን በአንዴ አያፍሱት፤ ከተለመደው ትንሽ ያስቀሩና እያዩ ይጨምሩ።

ከዚያ በኋላ የሚያበላሸው ችኮላ ነው። አመድ ያለበት ብሎኬት መጀመሪያ ላይ ሰነፍ ነው፤ በደጋ ብርድ ሌሊት ደግሞ የባሰ። በ24 ሰዓት ከጣውላው ያነሱት የነበረውን 48 ሰዓት ይተዉት፤ አለበለዚያ ጠርዙ እየተሸረፈ ያልቃል። በኬሻ ሸፍነው 14 ቀን ውሃ ያጠጡት። በሰባተኛው ቀን ውሃ ያቋረጡበት አመድ፣ ኖራውን ሳይበላ የደረቀ ተራ አቧራ ሆኖ ይቀራል። ለመሸጥም 28 ቀን ይጠብቁ።

ለአምድ፣ ለቢምና ለሶሌታ ይህን በራስዎ አይሞክሩ፤ የስትራክቸር መሐንዲሱ የፈረመበት የሚክስ ዲዛይን ይፈልጋል። ፈተናውን የወደቀ አመድም የግድ አይጣልም፦ ሰልፈሩ ካልበዛና ከሰሉ ጥቂት ከሆነ፣ ሲሚንቶው ሙሉ ሆኖ ከአሸዋው የተወሰነውን መተካት ይችላል።

አመዱን ከዝናብ ጠብቀው፣ ከጉድጓድ ውሃ አርቀው ላስቲክ ላይ ያከማቹ፤ ከባድ ብረቶች ሊያንጠባጥብ ይችላል። ሲፈጭና ሲራገፍ ሠራተኛው ደህና ማስክ ያድርግ። አዲስ መኪና አመድ በመጣ ቁጥር የማቃጠሉን ሙከራና ኩቡን ይድገሙት፤ ቦይለሩ የከሰል ዓይነት በቀየረ ማግስት አመዱም ሌላ ነው።