ማግኔቶሜትር ከመትከላችሁ በፊት፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ዙሪያ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ጥንካሬ ወደ 36,000 ናኖቴስላ (የመስኩ ጥንካሬ መለኪያ አሃድ) ይጠጋል። ከላይኛው ከባቢ አየር የሚመጣው የዕለት ለውጥ ግን ፀሐይ በተረጋጋችበት ቀን በአሥር ቤት የሚቆጠር፣ ቢበዛ መቶን አለፍ የሚል ነው። መሣሪያው፣ ማለትም መስኩን የሚለካው ማግኔቶሜትር፣ አጠገብ የብረት በር ተከፍቶ ቢዘጋ ይህንኑ ያህል ለውጥ ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ የሕዋ አየር ሁኔታን (ፀሐይ በምድር ዙሪያ ባለው ሕዋ ላይ የምታመጣውን ለውጥ) ለማጥናት ከከተማ ወጣ ብላችሁ መሣሪያ የምትተክሉ ተማሪዎችና ጀማሪ ተመራማሪዎች፣ ፀሐይን ከመጠርጠራችሁ በፊት ጎረቤታችሁን ጠርጥሩ።

ጭር ያለውን ቦታ ንጹሕ ነው ብሎ ማመን

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ ወይም ሰበታ የወጣ ሰው የከተማው ጫጫታ ስለቀረለት ብቻ ከመግነጢሳዊ ሁከትም የተገላገለ ይመስለዋል። ዳርቻው ግን ዘንድሮ የጤፍ ማሳ፣ ለከርሞ ሳይት ነው። በቆርቆሮ ይታጠራል፤ ፌሮ ይራገፍበታል፤ ሲኖትራክ ሌሊቱን ሙሉ አሸዋ ያመላልስበታል። የጫነ ሲኖትራክ በሠላሳ ሜትር ርቀት ሲያልፍ ንባቡን በጥቂት ናኖቴስላ ከፍ ዝቅ ማድረጉ አይቀርም። ቦታው በማስተር ፕላኑ ላይ ለምን እንደተመደበ ሳትጠይቁ ጉድጓድ አትቆፍሩ።

ቀላል ባቡሩን የሚረሳውም ብዙ ነው። ባቡሩ የሚሠራው በ750 ቮልት ዲሲ ሲሆን፣ ሐዲዱ በምሥራቅ እስከ አያት፣ በደቡብ እስከ ቃሊቲ ይዘልቃል። በሐዲዱ በኩል የሚመለሰው ኤሌክትሪክ ከፊሉ ወደ መሬት ይሾልካል፤ የዚህ ዓይነቱን ሁከት ማግኔቶሜትር ኪሎሜትሮች ርቆም ይሰማዋል። መለያው ቀላል ነው፦ ባቡሩ ሥራ ሲያቆም የግራፉ መስመር ከለሰለሰ፣ ማለዳ አገልግሎት ሲጀምር እንደ ጃርት እሾህ ከቆመ፣ የምታዩት ነገር ከፀሐይ አልመጣም። ፀሐይ የባቡር መርሐ ግብር አትከተልም።

ከሰው ሥራ ብትሸሹም ድንጋዩ አለ። እንጦጦም፣ የረርም፣ ወጨጫም እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ናቸው፤ ድንጋያቸው የራሱ መግነጢስነት አለው። ሴንሰሩን ጥቂት ሜትር ብታዛውሩት ንባቡ በመቶዎች ናኖቴስላ ሊለወጥ ይችላል። መጀመሪያ ቦታውን በፕሮቶን ማግኔቶሜትር እየለካችሁ በካሬ በካሬ ዙሩት፤ ለውጡ ለስለስ ያለበትን ምረጡ፤ ምሰሶውን ከተከላችሁ በኋላ ደግሞ ንክች አታድርጉት።

ለመሣሪያ ቤቱ ፌሮ እንደማይገባ ሁሉም ያውቃል። የሚዘነጋው አሸዋው ነው። ማግኔት በወረቀት ጠቅልላችሁ አሸዋው ውስጥ አማስሉት፤ ጥቁር ደቃቅ ፍሬ ግጥም ብሎበት ከወጣ ያ አሸዋ ለዚያ ግድግዳ አይሆንም። የተተኮሰ ጡብም እሳት ውስጥ አልፎ ስለሚቀዘቅዝ መግነጢስነት ይይዛል። ምስማሩ መዳብ ወይም ነሐስ ይሁን፤ ግን ባለሱቁ «ነሐስ ነው» ስላላችሁ አትመኑ፣ እያንዳንዱን በማግኔት ፈትሹ። ለካው ራሱም ቀበቶውን፣ ቁልፉን፣ ስልኩን፣ የመነጽሩን ፍሬም ሳይቀር ውጭ ትቶ ይግባ። ጥበቃው ጠመንጃቸውን አንግበው ሊያስጎበኟችሁ ሲመጡ «ጋሼ፣ ጠመንጃው ከአጥሩ ውጭ ይቆይልን» ማለት ነውር አይደለም። ምክንያቱን ካስረዳችኋቸው ሌላውን ሰው የሚመልሱላችሁ እሳቸው ይሆናሉ።

ሰዓትና ቀን ማደባለቅ

ይህ የእኛ አገር ልዩ ጣጣ ነው። መረጃው በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲ ይመዘገባል። የኮምፒውተሩ ሰዓት ከዩቲ ሦስት ሰዓት ይቀድማል። ጥበቃው የሚጽፉት በሀበሻ ሰዓት ነው። ፀሐይ ራሷ ደግሞ እኛ አናት ላይ የምትደርሰው በግምት በዩቲ 9:25 ላይ ነው። ከዚህ የተነሣ የቀኑ ከፍተኛ ንባብ በዩቲ ግራፍ ላይ 8:30 አካባቢ ሲታይ «የጠዋት ክስተት አገኘን» ብለው የሚደሰቱ አሉ። እሱ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ነው፤ የተለመደው የእኩለ ቀን ከፍታ ነው፤ ምንም አዲስ ነገር የለውም።

የሜይ 2024ቱን ታላቅ መግነጢሳዊ ማዕበል (ከፀሐይ የመጣ፣ የምድርን መስክ ያናወጠ ሁከት) እንውሰድ። የጀመረው ሜይ 10 በዩቲ 17:05 ገደማ፣ ማለትም ግንቦት 2 ቀን 2016 ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። የጥበቃው መዝገብ «ግንቦት 3፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ መብራት ጠፋ» ቢል የትኛው ሌሊት ነው? ለግንቦት 3 አጥቢያ ከሆነ በዩቲ ገና ሜይ 10፣ 22:00 ነው፤ ማዕበሉ እየበረታ ነበር። ግንቦት 3 ቀን ከመሸ በኋላ ያለው ሌሊት ከሆነ ግን አንድ ሙሉ ቀን ይዛነፋል። መዝገቡ ላይ «ለ... አጥቢያ» የሚል ዓምድ ጨምሩበት። መሣሪያው በዩቲ ብቻ ይሥራ፤ ትርጉሙን ሰው ይሥራው።

በኬፒ ብቻ መፍረድ

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህኛው ነው። ኬፒ የሚባለው፣ የዓለምን መግነጢሳዊ ሁከት መጠን የሚያሳየው ኢንዴክስ የሚሠላው ከምድር ወገብ ርቀው ከሚገኙ 13 ጣቢያዎች ነው። ዲኤስቲ የሚባለው ሌላው የማዕበል መለኪያ ኢንዴክስ ደግሞ ከአራት ጣቢያዎች ይወጣል፦ ሄርማነስ፣ ካኪዮካ፣ ሆኖሉሉና ሳን ሁዋን። እኛ ያለነው ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ነው። ከላያችን 105 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠባብ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ፤ ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ይሉታል። እነዚያ አራቱ ጣቢያዎች የተመረጡት ሆን ተብሎ ከዚህ ጅረት እንዲርቁ ነው።

ስለዚህ ኬፒ ዝቅተኛ ሆኖ እያለ የእኛ ሰማይ ሊታመስ ይችላል። ፀሐይ ስትጠልቅ የአዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው ከባቢ አየር) የታችኛው ክፍል ቶሎ ይሳሳል፤ የላይኛው ጥቅጥቅ እንዳለ ይቆያል። ከባዱ ከቀላሉ በላይ ሲቀመጥ ሚዛኑ ይናጋና የሳሳው ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የተሞላው ጋዝ) አረፋ ሠርቶ ወደ ላይ ይወጣል። የጂፒኤስ ሲግናል በዚያ ሲያልፍ ይርገበገባል። በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት፣ ይህ ይበረታል። ማዕበል ሲመጣ ደግሞ አረፋውን ሊያግዘውም ሊያፍነውም ይችላል፤ የሚወስነው እኛ ዘንድ ስንት ሰዓት ላይ እንደደረሰ ነው። «ኬፒ ትንሽ ስለሆነ መርገብገቡ የመሣሪያ ስህተት ነው» ብሎ መረጃውን የሚጥል ተማሪ የጣለው ምርጡን ክፍል ነው።

ከአንድ ጣቢያ ብቻ ኤሌክትሮጄቱን መለካት

በአራት ኪሎ ከ1958 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የመግነጢስ ጣቢያ አለ። የአንድ ጣቢያ ንባብ ግን የኤሌክትሮጄቱ፣ የሰፊው የዕለት ጅረትና ምድርን በሩቅ የሚዞረው የቀለበት ጅረት ድምር ነው። ለመለየት በተመሳሳይ ኬንትሮስ ላይ ያለ፣ ከጅረቱ ጠባብ መቀነት የወጣ ሁለተኛ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ አዲግራት ለዚህ ትመቻለች። ከመቀናነሳችሁ በፊት ግን ከእያንዳንዱ የራሱን የሌሊት ንባብ ቀንሱ፤ አለዚያ የምትቀንሱት የድንጋዩን ልዩነት ነው።

የጂፒኤስ መቀበያውን ባሕር ዛፍ ሥር መትከል

የእንጦጦ ባሕር ዛፍና የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ሲግናሉን ያነጥሩታል። ሳተላይቶቹ ሰማይ ላይ ያንኑ ቦታ የሚደግሙት በየቀኑ አራት ደቂቃ ገደማ ቀደም ብለው ስለሆነ፣ «መርገብገቡ» ከዕለት ዕለት በአራት አራት ደቂቃ ከቀደመ ጣሪያው ነው። ከአድማስ ከ30 ዲግሪ በታች ያለውን መጣል አብዛኛውን ችግር ይፈታል።

የጠፋውን መረጃ እንደ ንባብ መውሰድ

መብራት ሲጠፋ የሚፈጠረውን ክፍተት በመስመር አያይዛችሁ አትሙሉት፤ ክፍት ይሁን። ዓለም አቀፉ የፋይል አቀማመጥ የጠፋን መረጃ 99999 ብሎ ይጽፈዋል። ሶፍትዌሩ ካልተነገረው ይህንኑ ቁጥር ስሎ፣ የካናዳዋን ኪዩቤክ በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካጨለመው ማዕበል በብዙ እጥፍ የሚበልጥ «ማዕበል» ያሳያችኋል። ግራፍ ከመሳላችሁ በፊት ፋይሉን ከፍታችሁ 99999 የሚለውን ፈልጉ።