ደሴን በአንድ ቀንና በትንሽ ብር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ባሕር የላትም፤ ሰላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ሐይቅ አላት። ለአንድ ቀን የሚመጣ ሰው ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። ቡናው በየመንገዱ ዳር ይፈላል፣ ታክሲው በየአቅጣጫው ይጣራል። ሆኖም ማታ ኪሱን ሲዳብስ የሚደነግጥ እንግዳ አይጠፋም። ነገሩ ሲጣራ ብሩ የፈሰሰው በሰዓት ምክንያት ሆኖ ይገኛል። አርፍዶ የተነሳ ኮንትራት ይይዛል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሙዚየም የደረሰ በሩ እስኪከፈት ካፌ ተቀምጦ ያወጣል፣ ያመሸ ያላሰበውን አልጋ ይከፍላል።

አውሮፕላን ደሴ ላይ የሚያርፍ መስሎ መምጣት

የአውሮፕላን ማረፊያው ያለው ኮምቦልቻ ነው። ከዚያ እስከ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱም ዳገት ነው። ከማረፊያው በር ላይ ያገኙት መኪና ውስጥ ዘው ካሉ የሁሉንም መቀመጫ ሂሳብ ብቻዎን ይከፍላሉ። ርካሹ መንገድ በባጃጅ ወደ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሄዶ የደሴ ሚኒባስ መያዝ ነው። ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሳም። ጠዋት ሠራተኛውና ነጋዴው ስለሚበዛ ቶሎ ይሞላል፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ያስጠብቃል። ረዳቱ «አብሽሩ፣ አሁን እንወጣለን» ካለ ቢያንስ ሦስት ሰው ይቀራል ማለት ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቀለል አድርጎ ማየትም ዋጋ ያስከፍላል። ማቅለሽለሽ የሚይዘው ሰው ከበድ ያለ ቁርስ በልቶ ኋላ መቀመጥ የለበትም፤ ከፊት ወይም ከመስኮቱ አጠገብ ቦታ ይያዝ፣ ቁርሱንም ደሴ ደርሶ ይብላ። ክረምት ላይ መንገዱን ጉም ስለሚሸፍነው ሾፌሩ ዝግ ብሎ ይነዳል፤ ስለዚህ የመመለሻ በረራ ያለው ሰው ሁለት ሰዓት ያህል ትርፍ ይያዝ።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ለሚመጣ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የተነሱበት ቀን በጉዞ ያልቃል። «አንድ ቀን» የሚባለው አድረው የሚነሱበት ማለዳ ነው። መታወቂያ ሳይዙ አይነሱ፤ ኬላ ላይ ይጠየቃሉ። የመንገዱን ሁኔታም በዋዜማው ከመናኸሪያ ወይም ከተማው ውስጥ ካለ ሰው ያጣሩ።

ሂሳቡን ከረዳቱ መጠየቅ

የታክሲ ዋጋ የሚጠየቀው አጠገብ የተቀመጠውን ተሳፋሪ ነው። «እስከ ፒያሳ ስንት ነው?» ቢሉት ሳያንገራግር ይነግርዎታል። ባጃጅ ላይ ደግሞ ዋናው ቃል ኮንትራት ነው። ሌላ ሰው ሳይጨምር ብቻዎን ከወሰደዎት ኮንትራት ነው፤ ዋጋውም ከመሳፈር በፊት ካልተነጋገሩ በኋላ አይቀንስም። 200 ብር ዘርግቶ መልስ መጠበቅም ጊዜ ይበላል። ጠዋት ቁርስ ሲከፍሉ ባለ 10ና ባለ 50 ብር ዝርዝር ይቀበሉና ለቀኑ ያስቀምጡ። ቴሌብር ብዙ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ ጀበና ቡና የምታፈላዋ እናት ዘንድ ግን ዝርዝር ይመረጣል።

ቀኑን ሳያዩ መነሳት

ሰኞ የደሴ የገበያ ቀን ነው፤ ሰኞ ገበያ ስሙንም ከዚያው ነው ያገኘው። ገበያ ማየት የሚፈልግ ሌላ ቀን ቢመጣ ግማሹን አያገኝም። በግርግር የሚጨናነቅ ሰው ግን ሰኞን ይተው፤ ታክሲም በዚያ ቀን ይጠባል።

አርብ ሁለት ነገር ይገጥማል። አንደኛ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ እረፍት ከ5:30 እስከ 7:30 ነው፤ በሌሎቹ የሥራ ቀናት ከ6:30 እስከ 7:30 ነው። ሁለተኛ፣ በጁምዓ ሰላት ሰዓት ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ በሸዋ በር መስጊድ አካባቢም መንገዱ በሰጋጅ ይሞላል። አርብ የመጣ ሰው ጠዋቱን ለሙዚየም፣ ከ5:30 በኋላ ያለውን ለምሳና ለቡና ቢመድብ አይቸገርም። ቅዳሜና እሑድ ለመምጣት ካሰቡ የሚያዩት ቦታ ክፍት መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ።

ታሪኩን ሳያውቁ ግድግዳ አይቶ መመለስ

የብዙ እንግዳ ቀን የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። አይጠየፍ አዳራሽን ፎቶ አንስቶ በአሥር ደቂቃ የሚወጣ ሰው ምን እንዳየ አያውቅም። አዳራሹን ያሠሩት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ቀድሞ ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር፤ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ ጋር ተያይዞ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። በ1906 ዓ.ም. ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ንጉሥ አድርጎ ደሴ ላይ አነገሣቸው፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ተሸንፈው ተማረኩ። የግብር አዳራሻቸው ስም ድሃውንም ሀብታሙንም ሳይጠየፍ ያበላል ማለት ነው። ይህን ይዞ የገባ ሰው ስፋቱን ሲያይ ዓይኑ ሌላ ነገር ይፈልጋል፦ ግብሩ የት ይቀርብ እንደነበር፣ ሰዉ በየት በር ይገባ እንደነበር።

የከተማዋን ስም በተመለከተ በሰፊው የሚነገረው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው «ደስዬ» ብለው ሰየሟት የሚለው ነው። አካባቢው ቀድሞ ላኮመልዛ ይባል ነበር። ሽማግሌ ሲያገኙ «ላኮመልዛ የሚባለው እስከ የት ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ ያለ ክፍያ የሚገኝ ምርጥ አስጎብኚ ይህ ጥያቄ ነው።

የደሴ ሙዚየም የሚገኘው በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ተዘርፏል። የድሮ መጽሔት ላይ ያዩትን ቅርስ ሁሉ እዚያ ለማግኘት የሚሄድ ሰው ቅር ይለዋል፤ ቤቱንና የተረፈውን ለማየት የሚሄድ ግን ረክቶ ይወጣል። ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት ይጠይቁ፤ ለፎቶ ለብቻ የሚያስከፍል ቦታ አለና ከመግቢያው ጋር አንድ ላይ ይነጋገሩ።

ሌላው የሚዘለል ነገር የጣሊያን ድብደባ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ደሴ ሳሉ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ መትረየስ ይዘው የሚታዩበት የታወቀ ፎቶግራፍ የዚያ ጊዜ ነው። ፒያሳ ላይ ሲዘዋወሩ የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎችን ቀና ብለው ይዩ፤ ከታች ያለው ሱቅ በየጊዜው ይቀየራል፣ በረንዳውና መስኮቱ ግን ያው ነው።

ስለ እግር ጉዞ አንድ ነገር። ደሴ ቁልቁልና ዳገት ናት። ከቆላ የመጣ ሰው ዳገቷን በእግሩ ከጀመረ እስከ 5 ሰዓት ትንፋሹ ያልቅና የቀረውን በባጃጅ ይጨርሳል። ወደ ላይ በታክሲ ይውጡ፣ ወደ ታች በእግር ይውረዱ። እንዲህ ሲሆን አብዛኛው የባጃጅ ወጪ ይቀራል።

ምግብን ከምሳ ሰዓት በኋላ ማሰብ

ደሴ ውስጥ ምን እንደሚበሉ የሚወስነው የቀን መቁጠሪያው ነው። ረቡዕና አርብ የክርስቲያን ምግብ ቤቶች የጾም ምግብ ላይ ይሆናሉ፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 በፍልሰታም እንዲሁ። በእነዚህ ቀናት ሥጋ የሚፈልግ ወደ ሙስሊም ምግብ ቤት ይሄዳል። ረመዳን ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀን ላይ የሙስሊም ምግብ ቤቶች ስለሚዘጉ ምሳ የሚገኘው በክርስቲያኖቹ ነው፣ ማታ ግን ከመግሪብ ጀምሮ ሳምቡሳና ሾርባ በየደጁ በርካሽ ይገኛል። የማን ሥጋ ቤት እንደሆነ በበሩ ላይ ካለው መስቀል ወይም ጨረቃ ይለያል። እንግዳ ከጋበዙ መጀመሪያ ይጠይቁት፤ ደሴ ላይ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፣ አለመጠየቅ ነው ነውሩ።

በጀት የሚያናጋው ደግሞ በኪሎ የሚታዘዝ ሥጋ ነው። የኪሎው ዋጋ ተለጥፎ ይታያል፤ የማብሰያው፣ የእንጀራውና የዳጣው ሂሳብ አንዳንዴ ለብቻ ይመጣል። «ተሠርቶ ከነእንጀራው ስንት ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። ለሁለት ሰው ግማሽ ኪሎ ይበቃል፤ አጥንቱ አብሮ ከተመዘነ ግን አይበቃም። በጾም ቀን አንድ በየዓይነቱ ከአንድ ጭማሪ እንጀራ ጋር ለሁለት ሰው ይሆናል። ውኃ በትናንሽ ከመግዛት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ጠዋት ይግዙ።

ሐይቅንም ደሴንም በአንድ ቀን ልጨርስ ማለት

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲታሰብ ቅርብ ይመስላል። ሚኒባስ መጠበቂያው፣ ከሐይቅ ከተማ እስከ ገዳሙ ያለው፣ መመለሻውም ሲደመር ግማሽ ቀን ይሄዳል። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ። ሐይቅን ከመረጡ ማለዳ ይውጡና ከሰዓት በኋላውን ለፒያሳ ብቻ ይተዉ። ሐይቅ እስጢፋኖስ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ነው፤ ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። ይህን ሳያውቁ ከባለቤታቸው ጋር የሚሄዱ አሉ፤ አንዱ ሲጎበኝ ሌላዋ በር ላይ ትቀመጣለች፣ ቀኑም በኩርፊያ ያልቃል። ሴት ያለበት ጉዞ ከሆነ ሐይቁን ዳር ይዞ መዋል ይሻላል።

በኮምቦልቻ ልብስ መምጣት

ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ልዩነቱ 4 ዲግሪ ያህል ነው። ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ በቲሸርት የወጣ ሰው ደሴ ላይ 11 ሰዓት ሲሆን ሹራብ ፍለጋ ሱቅ ይገባል። ሹራብና ክረምት ከሆነ ጃንጥላ ከቤት ይያዙ።

ጋቢን በእጅ ሳይቆጥሩ መግዛት

ጋቢ አራት ንብርብር ነው፤ ነጠላ ሁለት። ሻጩ ጋቢ ነው ቢልዎት ጠርዙን በሁለት ጣት ይዘው ንብርብሩን ይለዩና ይቁጠሩ። አራት ካልሆነ የጋቢ ዋጋ አይክፈሉ። ከዚያ ዘርግተው በብርሃን ይዩት፤ የእጅ ሸማ ክሩ እዚህም እዚያም ወፈር ቀጠን ይላል፣ የፋብሪካው ግን ወጥ ነው። ገበያ ሲገቡ መግዛቱን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ጋቢ ታቅፎ ዳገት መውጣት ለባጃጅ ይዳርጋል።

ከአቦል በኋላ መነሳት

የወሎ ቡና አቦል፣ ቶናና በረካ አለው። ቤት ተጋብዘው አቦልን ጠጥተው ሰዓት አይተው ከተነሱ ያፈላችው ሴት ቅር ይላታል፤ ዱዓው ሳይደረግ የተነሳ እንግዳ ምርቃቱን ጥሎ እንደሄደ ይቆጠራል። ሦስቱም ሲጠጣ ከአንድ ሰዓት አያንስም። ያን ያህል ጊዜ ከሌለዎት ከመቀመጥዎ በፊት ይናገሩ፣ ወይም መንገድ ዳር በርጩማ ላይ አንድ ስኒ ይጠጡ። ስኳር ወይስ ጨው ቢባሉ አይገረሙ።

የመመለሻውን መኪና መጨረሻ ላይ መፈለግ

ወደ ኮምቦልቻ የሚመለስ ሰው ጀንበር ሳትጠልቅ መናኸሪያ ይገኝ። ከመሸ በኋላ የሚገኘው መኪና ትንሽ፣ የሚጠራው ዋጋ ትልቅ ነው፤ ሐረጎም በጨለማና በጉም አይመረጥም። ደሴ ላይ ለማደር ያሰቡ ደግሞ አልጋውን ቀን ላይ፣ ከምሳ በኋላ ይያዙ፤ ክፍሉን ገብተው ይዩ፣ ሙቅ ውኃውን ከፍተው በእጅዎ ይሞክሩ፣ ብርድ ልብሱ ሁለት መሆኑን ያረጋግጡ።