የቻይና የልጆች ዲርት ባይክ ጥገና፦ መለዋወጫን በስም ሳይሆን በልክ መፈለግ

ከቻይና የሚመጣ ርካሽ የልጆች ዲርት ባይክ (በአፈርና በሜዳ ላይ የሚነዳ ትንሽ ሞተርሳይክል) ሲበላሽ ባለቤቱን መጀመሪያ የሚያስቸግረው ጥገናው ሳይሆን የሞተርሳይክሉ ስም ነው። በፕላስቲክ ሽፋኑ ላይ የተለጠፈው ስያሜ ብዙውን ጊዜ የአስመጪው ወይም የሻጩ ምርጫ በመሆኑ፣ ያው አንድ ሞተርሳይክል በተለያየ ቀለምና በተለያየ ስም ሊሸጥ ይችላል፤ ሻጩ ሥራውን ሲተው ደግሞ ስሙም አብሮት ይጠፋል። ያንን ስም ይዞ መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለስና «ይህስ መለዋወጫ የለውም» ብሎ ሞተርሳይክሉን ጥግ ያስይዘዋል። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከሽፋኑ ሥር ያለው ብረት በደንብ የሚታወቅ ነው፣ ምትኩም ስሙን ትቶ ቁጥሩንና ልኩን ለሚይዝ ሰው ይገኛል።

ሲሊንደሩ ወደ ፊት የተጋደመ፣ ከ50 እስከ 125 ሲሲ የሆነ ባለ አራት ምት ሞተር ካለው፣ ሞተሩ በአብዛኛው የሆንዳን ንድፍ የተከተለ ነው፤ ይህም ሆንዳ በ1958 እ.ኤ.አ. ካወጣው ሱፐር ከብ ጀምሮ በትናንሽ ሞተርሳይክሎቹ ላይ እያሻሻለ የተጠቀመበት ንድፍ ነው። በገመድ ተጎትተው የሚነሡትና ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚደባለቅላቸው 49 ሲሲ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ግን ሌላ ቤተሰብ ናቸው፤ ከዚህ በታች ያለው የሞተር ነገር እነሱን አይመለከትም።

የመጀመሪያው ሥራ የሞተሩን ቁጥር ማግኘት ነው። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በሞተሩ ግራ ጎን፣ ከታች በኩል በብረቱ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ በጭቃ የተሸፈነ ስለሚሆን በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ጠርጎ በመብራት ማየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ 152 ኤፍ ኤም ኤች የሚል ከሆነ 1 የሲሊንደሩን ብዛት፣ 52 የሲሊንደሩን የውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ኤፍ በአየር የሚቀዘቅዝ መሆኑን፣ ኤም ለሞተርሳይክል የተሠራ መሆኑን፣ የመጨረሻው ፊደል ደግሞ የሲሲውን መደብ ያመለክታል፤ ኤች 110፣ አይ 125 ነው። በዚሁ መሠረት 139 ኤፍ ኤም ቢ የ50፣ 147 ኤፍ ኤም ዲ የ70፣ 154 ኤፍ ኤም አይ የ125 ሲሲ ሞተር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። 156 ኤፍ ኤም አይ የሚባለውም 125 ሲሲ ነው፤ ነገር ግን ሲሊንደሩ የቆመ፣ ቫልቮቹም በረጃጅም ዘንጎች የሚገፉ የሌላ ንድፍ ሞተር በመሆኑ ፒስቶኑም፣ ጉርኒሲዮኑም፣ ካንዴላውም ከ154ቱ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ «የ125 ፒስቶን» ብሎ ማዘዝ ገንዘብን መጣል ነው፤ ሙሉው ቁጥር መነገር አለበት።

ከሞተሩ ውጭ ያለው ሁሉ የሚታዘዘው በመለካት ነው፤ ለዚህም ርካሽ ቬርኒየር (ሚሊ ሜትርን በትክክል የሚለካ ተንሸራታች መለኪያ) በቂ ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ጥገናዬ «ለ110 የሚሆን» ተብሎ የተሸጠልኝን ካርቡሬተር ሳልለካ ገዝቼ፣ የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ በጥቂት ሚሊ ሜትር ተላልፈውብኝ እንደገና ለመግዛት ተገድጃለሁ። ካርቡሬተር ሲታዘዝ የአንዱ ማሰሪያ ቀዳዳ መሃል ከሌላኛው መሃል ያለው ርቀት፣ የነዳጁና የአየሩ መተላለፊያ አፍ ስፋት፣ እንዲሁም የቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የሚያዘው የነዳጅ ማወፈሪያ) ዓይነት መታወቅ አለባቸው፤ በ110 ሲሲ ሞተሮች ላይ የሚበዛው 19 ሚሊ ሜትር አፍ ያለው ፒዜድ 19 ነው። ሰንሰለቱ በትናንሾቹ ላይ በአብዛኛው 420 ነው፤ ቁጥሩም በማያያዣዎቹ ጎን ተጽፎ ይገኛል። የ428 ሰንሰለት የመገጣጠሚያ ርቀቱ ያው 12.7 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ወርዱ ስለሚሰፋ በ420 ጥርስ ላይ መዋል የለበትም። የፊተኛው ጥርስ ሲገዛ ከጥርሶቹ ብዛት ሌላ የሚገባበት ዘንግ 17 ነው ወይስ 20 ሚሊ ሜትር የሚለውን መለየት ያስፈልጋል። የኋላ አሞርዛተር ከላይኛው ቡሎን መሃል እስከ ታችኛው ቡሎን መሃል ይለካል። የጋዝና የፍሪሲዮን ገመድ ሲለካ የውጭው ሽፋን ርዝመትና ከሽፋኑ ወጥቶ የሚታየው ሽቦ ርዝመት ለየብቻ ይመዘገባሉ፤ የፍሬን ሸራ ግን ከመለካት ይልቅ አሮጌውን አውጥቶ ቅርጹን ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ማስተያየት ይሻላል። የጎማው ልክ በጎኑ ላይ ተጽፏል።

ይሁን እንጂ ምንም ነገር ከመግዛት በፊት ብልሽቱ የት እንዳለ መታወቅ አለበት፤ በልምዴ አልነሣም ያለ ትንሽ ሞተር በአብዛኛው የሚፈልገው ማጽዳትና ማስተካከል እንጂ አዲስ ዕቃ አይደለም። ለወራት ቆሞ የነበረ ከሆነ የከረመው ቤንዚን ከሳልባትዮውም ከካርቡሬተሩም ተቀድቶ ይውጣ። ቾክ ሲያዝ የሚነሣ፣ ቾኩ ሲለቀቅ የሚጠፋ ሞተር የዝቅተኛ ፍጥነት ነዳጅ የሚያልፍባት ትንሿ ጄት ተደፍናበታለች፣ ወይም በካርቡሬተሩና በሲሊንደሩ መካከል ካለው ጉርኒሲዮን አየር ይገባበታል ማለት ነው። የካርቡሬተሩ የታችኛው ጎድጓዳ ሲፈታ ሁለት የነሐስ ጄቶች ይታያሉ፤ ትንሿ ወደ ውስጥ ገባ ብላ የተቀመጠች ናት። በልኳ በሆነ ካቻቪቴ ፈትቶ ወደ መብራት አቅንቶ ማየት ነው፤ ቀዳዳዋ ከመርፌ ጫፍ ያነሰች ብትሆንም ንጹሕ ከሆነች ክብ የብርሃን ነጥብ ትታያለች፣ ካልታየች ወይም ግማሽ ጨረቃ ከመሰለች ተደፍናለች። በካርቡሬተር ማጽጃ ነክሮ በአየር መንፋት፣ ካልሆነም ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ በተመዘዘ አንድ የመዳብ ክር ቀስ ብሎ ማለፍ ይቻላል። የብረት መርፌ ነሐሱን ስለሚያሰፋው ፈጽሞ አይግባባት።

ብልጭታውን ለማየት ካንዴላው ተፈትቶ በቆቡ ውስጥ ይደረግና ብረቱ ከሞተሩ አካል ጋር እንዲነካካ ሆኖ ማስነሻው ይመታል፤ ከቀዳዳው የሚወጣው የቤንዚን ጭስ እንዳይቀጣጠል ካንዴላው ከካንዴላ ቀዳዳው ራቅ ማለት አለበት። ብልጭታ ከሌለ ብዙ ሰው ወዲያው ሲዲአይ፣ ማለትም ብልጭታውን የሚቆጣጠረውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሳጥን፣ ለመግዛት ይሮጣል። ከዚያ በፊት ማጥፊያው ይመርመር። በብዙዎቹ ባለ አምስት እግር ሲዲአይ ባላቸው ሞተሮች ማጥፊያው የሚሠራው ሽቦውን ከሞተርሳይክሉ አካል ጋር በማገናኘት ስለሆነ፣ የማጥፊያው ሽቦ ለሙከራ ያህል ሲነቀል ብልጭታው ከተመለሰ ጥፋቱ የማጥፊያው ነው። ማጥፊያው ይቀየር እንጂ ሽቦው እንደተነቀለ ልጅ አይንዳው፤ ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋለት እሱ ነው።

ነዳጁም ብልጭታውም ደህና ሆኖ የማይነሣ፣ ወይም ሲሞቅ ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ የማይመለስ ከሆነ የቫልቭ ክፍተቱን ማየት ይገባል። በነዚህ ሞተሮች ላይ በጣም ችላ የሚባለው ሥራ ይህ ይመስለኛል። ቫልቭ ከመቀመጫው ጋር እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፤ ክፍተቱ ሲያልቅ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ የታመቀው አየር ያመልጣል። ሥራው የሚሠራው ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ካንዴላው ይፈታል፣ በሲሊንደሩ ራስ ላይና ታች ያሉት ሁለት ክብ ክዳኖችም ይከፈታሉ። በግራ በኩል ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) እንዲታይ ሽፋኑ ተነሥቶ፣ ቲ የሚለው የላቲን ፊደል አጠገብ ያለው ጭረት በሞተሩ አካል ላይ ካለው ምልክት ጋር እስኪገጥም ቮላኖው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዞራል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም የቫልቭ መግፊያዎች በጣት ሲነኩ ትንሽ መላወስ አለባቸው፤ አንዱ ከተወጠረ ቮላኖው አንድ ሙሉ ዙር ይጨመርለታል። ክፍተቱ በአግድሞቹ ሞተሮች በአብዛኛው 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። ዳዶው ላላ ተደርጎ ቪቴው ይስተካከላል፤ ስሱ የመለኪያ ቅጠል ሲሳብ በሁለት ጣት መካከል እንደሚሳብ ወረቀት ያዝ ማድረግ አለበት። ዳዶው ሲጠብቅ ቪቴው አብሮ ስለሚዞር ከጠበቀ በኋላ እንደገና ይለካ።

ለ110ና ለ125 ሲሲ ሞተር ዘይቱ ወደ 0.8 ሊትር ገደማ ነው፤ ፍሪሲዮኑ በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ለሞተርሳይክል የተዘጋጀ 10 ደብልዩ 40 ይመረጥ። አዲስ ሞተር የመጀመሪያው ዘይት ከጥቂት ሰዓት መንዳት በኋላ ቢቀየር ይበጃል፣ የብረት ብናኝ ይዞ ይወጣልና።

በመጨረሻ ወደ ቡሎኖቹ እንመጣለን፤ ልጅ የሚቀመጥበት ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ ቸልታ አይፈቀድም። በነዚህ ሞተርሳይክሎች ላይ ያለው ብረት ለስላሳ፣ የፋብሪካው አጠባበቅም ያልተስተካከለ ሆኖ ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። የሁለቱ ቸርኬዎች ዘንግ ዳዶዎች፣ የመሪው መያዣ፣ የሞተሩ ማሰሪያዎች፣ የእግር ማስቀመጫውና የፍሬን ቡሎኖች አንድ በአንድ ይጥበቁ፤ የሚርገበገቡት ላይ የክር ማጣበቂያ ጠብታ ይደረግ። የፍሬን ዘይት ሲጨመር በክዳኑ ላይ የተጻፈው ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይታይ። ከጋዝ መያዣው አጠገብ ያለችው የፍጥነት መገደቢያ ቪቴ ልጁ እስኪለምድ ወደ ውስጥ ገብታ ትቆይ። ከዚያ ሞተርሳይክሉን ሜዳ ላይ በእጅ እየገፉ ፍሬኖቹን መሞከር፣ ሞተሩን አስነሥቶ ማጥፊያውን መፈተሽ፣ ጋዙ ተስቦ ሲለቀቅ ወዲያው መመለሱን መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሮ ማረጋገጥ ነው። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ያህል ነድቶ ሲወርድ፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ተጠብቆ እያንዳንዱ ቡሎን እንደገና ይፈተሽ፤ የላላ መገኘቱ አይቀርም።