ክረምት ላይ ሥጋና አሳ በብረት በርሜል ውስጥ በጭስ ለምታበስሉ፦ በርሜሉን ጭቃ ምረጉት

ባሕር ዳር ላይ በሐምሌና በነሐሴ የሞከራችሁ ታውቁታላችሁ፤ በርሜሉ አይሞቅም። ከጣና የሚነሳው እርጥብ ንፋስ የስሱን ብረት ሙቀት እየገፈፈ ይወስደዋል። ከሰል ስትጨምሩ ትውላላችሁ፣ አምባዛው ግን ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ነው።

በርሜሉን ከውጭ እንደ ቤት ግድግዳ ምረጉት። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክታችሁ ሁለት ሦስት ቀን አሳድሩት። ብረቱ ላይ መጀመሪያ ሽቦ ጠምጥሙበት፣ ያለዚያ ይረግፋል። ከዚያ አራት ጣት ያህል አወፍራችሁ ለጥፉት፤ ሲደርቅ የሚሰነጠቀውን በቀጭን ጭቃ ድፈኑት። ዝናብ እንዳያጥበው ከላይ ጣሪያ ይኑረው። ጭቃው ሙቀቱን ይዞ ቀስ እያለ ይመልሳል፣ ጭዱ ደግሞ ወደ ውጭ እንዳያመልጥ ያግዛል። እሳቱ ሲቀንስ እንኳ ውስጡ ቶሎ አይቀዘቅዝም።

ገና የምትገዙ ከሆነ ትልቅነቱን ተዉት፤ ብረቱ ወፍራም፣ ክዳኑም በደንብ የሚገጥም ይሁን። ለጭሱ ደረቅ ወይራ የሚስተካከለው የለም። መብሰሉን በቀለሙ አትፍረዱ፤ የምግብ ቴርሞሜትር መሃሉ ላይ ሲሰካ ለአሳ 63፣ ለዶሮ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሳየት አለበት።

ኬሚካል የነበረበት በርሜል ግን በፍጹም አይሆንም። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮም ሲግል የሚጎዳ ጭስ ያወጣል። ዝናብ በረታ ብላችሁም ወደ ቤት አታስገቡት፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል።