ውክልናውን ለማን ትሰጣላችሁ? ከሰሜን ሸዋ ወጥተው በሚሲዮን ለሚያገለግሉ ባልና ሚስቶች

ለአገልግሎት ከመውጣታቸው በፊት የሚደውሉልኝ ባልና ሚስቶች የሚጠይቁኝ ስለ ቪዛ፣ ስለ ቋንቋና ስለ ወባ ነው። ስለ ቤታቸውና ስለ መሬታቸው የሚጠይቁኝ ግን ከሄዱ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ጥያቄው ከደብረ ብርሃን ይምጣ ከመሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና ይምጣ ከሸዋ ሮቢት፣ ሥሩ አንድ ነው፤ ማንን እንመን? መልሴን አንድ ቦታ ላስቀምጠው። የቢሮ ደጅ መጥናት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁና በእሱ ላይ አልቆይም።

እኔና ባለቤቴ የምናገለግለው በታንዛኒያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ባለችው በሙዋንዛ ከተማ ነው። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ወንጌላውያንን ያስተምራል፤ እኔ ነርስ በመሆኔ ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር እውላለሁ። ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት እንዞራለን፤ የታመመ እንጠይቃለን፣ ለቅሶ እንደርሳለን፣ ትናንሽ ዓሣ ፀሐይ ላይ ከሚያሰጡ ሴቶች ጋር ተቀምጠን ስዋሂሊያችንን እናሻሽላለን። ሥራው እንዲህ ቀስ ያለ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ ማታ ሁለት ሰዓት እዚህም ሁለት ሰዓት ነው፤ ወደ ቤት ለመደወል የሰዓት ልዩነት ሰበብ አይሆነንም። አንኮበር ለተወለደ ሰው ደግሞ ልብ የሚነካ ነገር አለ፤ በ1839 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ አንኮበር የተቀመጠው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ፣ ከሸዋ ከወጣ በኋላ ሞምባሳ ገብቶ ከቀደሙት የስዋሂሊ መዝገበ ቃላት አንዱን አዘጋጅቷል። ሚስቱንም የቀበረው እዚያው ነው።

አገር ቤት ያለው ሰው ግን የእኛን ውሎ አያይም። ‘ውጭ ናቸው’ ማለት ለእሱ ‘ዶላር አላቸው’ ማለት ነው። አሜሪካ ያለው ወገናችን ወደ አገር ቤት ይልካል፤ ከኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የተላክን እኛ ግን የምንኖረው ምእመናን በብር በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ምእመናኑ ያዋጡት አልቀነሰም፤ የእኛ ገበታ ግን ሳሳ። ይህን ለዘመዶቻችሁ አፍ አውጥታችሁ በቁጥር ንገሯቸው፤ ካልነገራችኋቸው ‘ስስታም ሆኑ’ ይሏችኋል። ደብረ ብርሃን ያለችው ቤታችን ኪራይም ትርፍ ገቢ አይደለም። የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒትና አብራት የምትኖረው ልጅ ደመወዝ የሚወጣው ከእሱ ነው።

ወደ ውክልናው ልምጣ። ባልና ሚስት ሁለታችሁም ቀርባችሁ ፈርሙ፤ በጋራ ንብረት ላይ የአንዱ ፊርማ ብቻውን ነገ ጣጣ ያመጣል። ቢቻል ከአገር ሳትወጡ ጨርሱት። ለእኛ ኤምባሲው ያለው ዳሬሰላም ነው፤ ከሙዋንዛ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል። ከኤምባሲ የመጣ ሰነድም አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የሰነዱን ይዘት ቃል በቃል ማንበብ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2204 እና 2205 እንደደነገገው፣ ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ በመያዣ ለመስጠት ወይም ስጦታ ለማድረግ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሰነድ ጸሐፊዎች ግን በልማድ ‘ይሽጥ፣ ይለውጥ፣ ያስይዝ፣ በስጦታ ያስተላልፍ’ እያሉ ሁሉንም ይደረድሩታል። የማትፈልጉትን ቃል አሰርዙ። ቤት እንዲያከራይላችሁ የምትሾሙት ሰው የመሸጥ ሥልጣን ምን ያደርግለታል?

በእኛ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ወኪላችን የአንድ አጥቢያ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስንላክ እጃቸውን ጭነው የጸለዩልን ሰው። ሌባ አልነበሩም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ከሌባ የሚጠነቀቅ ሰው ሁሉ ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ስለማይጠነቀቅ ነው። ስምምነታችን ኪራዩን በየወሩ ተቀብለው ለእናቴ እንዲያደርሱላት ነበር። መጀመሪያ ላይ እንደተባለው ሄደ። ቆይቶ ‘በዚህ ወር ትንሽ ዘገየ’፣ ‘ተከራይዋ አልከፈለችም’ ማለት መጣ። አንድ ቀን ፎቶግራፍ ላኩልን፤ በገጠር ባለ የጸሎት ቤት ጣራ ላይ አዲስ ቆርቆሮ ሲመታ ያሳያል። ከሥሩ ‘የእናንተም ድርሻ አለበት፣ ጌታ ይባርካችሁ’ ይላል። የምን ድርሻ? የገባን ተከራይዋን በቀጥታ ስንጠይቃት ነው። ‘አንድም ወር አላሳለፍኩም፤ ያስፈረምኩበት ወረቀት ሁሉ እጄ ላይ ነው’ ብላ ቀኑንና መጠኑን አንድ በአንድ በስልክ አነበበችልን። የወራት ኪራይ ቆርቆሮና ምስማር ሆኗል። እናቴ ደግሞ ‘ልጆቼን አላስቸግርም’ ብላ መድኃኒቷን አንድ ቀን እየዋጠች አንድ ቀን ታሳልፍ ነበር።

ሽማግሌው ስንጠይቃቸው አልካዱም። ‘የዋለው ለጌታ ሥራ ነው፤ እናንተም የጌታ አገልጋዮች ናችሁ፤ ምን ልዩነት አለው እህቴ?’ አሉኝ። ‘ጋሼ፣ ልዩነቱ የእናቴ ኪኒን ነው’ አልኳቸው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታ የገሠጸው ይህንኑ ነው፤ ለአባትና ለእናት የሚገባውን ‘ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው’ ብሎ ማስቀረትን። መባ ሰጪው ወድዶ የሚሰጠው ነው፤ ከእኛ የሆነው ግን ሳንሰጥ መወሰድ ነው። ጉዳዩን ለአጥቢያው መሪዎች ስናቀርብ ‘ወንድማችሁን አትክሰሱ፣ ይቅር በሉ’ ተባልን። ይቅር ብለናል። ገንዘቡ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ስለ ሒሳቡም እንድንጠይቅ የፈቀደልን የለም።

ስለዚህ የላከቻችሁ አጥቢያ መሪ ወኪላችሁ አይሁን። ወርሃዊ ድጋፋችሁ በእሱ ፈቃድ የሚያልፍ ከሆነ ሒሳብ ልትጠይቁት አትደፍሩም፤ ብትደፍሩም ‘ምድራዊ ሆኑ’ ትባላላችሁ። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ የሚጎድላት ቤተ ክርስቲያን እያለችው የእናንተን ገንዘብ ለይቶ መያዝ ይከብደዋል፤ በፈተና ውስጥ የምታስገቡት እናንተ ናችሁ። ጳውሎስ እንኳ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ቲቶ ብቻውን እንዲይዘው አላደረገም፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይኖር ሌሎች ወንድሞችን አብሮ እንደላከ በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ጽፎታል። ጳውሎስ ያላፈረበትን ነገር እኛ ስንጠይቅ ማፈር የለብንም።

አሁን ተከራይዋ ኪራዩን የምታስገባው በእኛ ስም ወዳለ የባንክ ሒሳብ ነው። ወኪላችን የሚያስጠግነውን ያስጠግናል፣ ግብር ይከፍላል፣ ደረሰኙን ፎቶ አንሥቶ ለእኛም ለታናሽ እህቴም ይልካል፤ ከሒሳቡ ማውጣት ግን አይችልም። የሚከፈለውም በጽሑፍ በተወሰነ መጠን ነው። ክፈሉ። በነጻ የሚያገለግላችሁን ሰው ሒሳብ ለመጠየቅ አፋችሁ ይያዛል።

‘ከዘመድ ጋር ብላ ጠጣ እንጂ አትነግድ’ ይባላል። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በእኛ አገር ባሕር ዛፍ የቤተሰብ ተቀማጭ ገንዘብ ነው፤ ልጅ ሲታመም ወይም ሲዳር ተቆርጦ ይሸጣል። አባቴ የተከለውን ባሕር ዛፍ የአጎቴ ልጅ ለአጣና ነጋዴ ሸጦት የሰማነው ከጎረቤት ነው። የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እናቴም ቀረበች፤ ‘ትመልሳለህ’ ተባለ፤ በመኸር ገብስ አስገባ፣ የጎደለውን በበግ ሞላ። ሃይማኖታችን ከእነሱ የተለየ ነው፤ እኛ ወንጌላውያን፣ እነሱ ኦርቶዶክሳውያን ናቸው። ፍርዱን ያገኘሁት ግን ከእነሱ ነው። ዘመድ ያጠፋል፤ ሲያጠፋ ግን የሚያስመልሰው ሸንጎ አለ። ወኪል ስትመርጡ ‘ይህ ሰው ቢያጠፋ ማን ፊት ይቀርባል?’ ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ያጣችሁለትን ሰው፣ እንባ እያፈሰሰ ቢጸልይም፣ አትወክሉት።

የገጠር መሬት ያላችሁ፣ መሬት እንደማይሸጥ ታውቃላችሁ፤ ወንድማችሁ በእኩል ሲያርስ ግን በቃል አይሁን። ውሉ ተጽፎ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ፣ ግብሩም በባለይዞታው ስም ይከፈል፣ የይዞታ ደብተሩ የት እንደተቀመጠ ከአንድ ሰው በላይ ይወቅ።

እድር አታቋርጡ። ወርሃዊ መዋጮው ትንሽ ነው፤ እናታችሁ ያረፈች ቀን ድንኳን የሚተክለው፣ አፈር የሚያለብሳት፣ ሦስት ቀን የሚያስተዛዝነው ግን እሱ ነው። ብዙ የወንጌል አማኞች ከእድር ቀርተው በሞት ቀን ሲቸገሩ አይቻለሁ። የተዝካር ጥያቄም ይመጣል። ባልና ሚስት አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ ሐዘን ላይ ሆናችሁ በስልክ አትጣሉ። እኛ ለዘመዳችን ለወንድም ጋሼ ‘ድሆች የሚመገቡበትን እህል እንችላለን፣ የቀረውን እናንተ እንደ እምነታችሁ አድርጉ’ ብለን አስቀድመን ነግረናቸዋል። ደስ አላላቸውም፤ ግን ገብቷቸዋል፤ ዛሬም የእናቴን መድኃኒት ከደብረ ብርሃን ገዝተው የሚወስዱላት እሳቸው ናቸው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ መንገድም የሚዘጋበት ቀን አለ። ደረሰኝ በቴሌግራም ካልመጣ ብላችሁ ሰውን ቶሎ አትጠርጥሩ፤ በተራ ስልክ ደውላችሁ ቁጥሩን አስነብቡት። የመድኃኒት መጠባበቂያ እናታችሁ ቤት ይኑር፤ ከተማ ያለው ወኪል ሊደርስላት የማይችልበት ሳምንት ይመጣል።

ውክልና ስትሽሩ ለወኪሉ ብቻ መንገር አይበቃም። መሻሪያውን ሰነዱ በተመዘገበበት ቢሮ አስገቡ፤ ግልባጩን ለባንኩ፣ ቤቱ ላለበት ማዘጋጃ ቤትና ለተከራዩ በፊርማ አድርሱ፤ የድሮውን ዋና ቅጂም ከወኪሉ ተቀበሉ። ሽማግሌው የእኛን ለመመለስ ብዙ ቆይተዋል፤ በዚያ ጊዜ ያዳነን ተከራይዋ የመሻሪያው ግልባጭ አስቀድሞ ደርሷት ‘ከእንግዲህ ለእርስዎ አልከፍልም’ ማለቷ ነው።