ሁለት ሲስተም በጫንኩበት ላፕቶፕ የጠበበውን ሲ ድራይቭ እንዴት እንዳስለቀቅኩ

ዊንዶውስ 10 እና ኡቡንቱ አብረው ባሉበት ላፕቶፕ ሲ ድራይቭ ሞላብኝ፤ ከኡቡንቱ ስገባም ለንባብ ብቻ ስለሚከፈት ወደ ውስጡ ፋይል መገልበጥ አልተቻለም። ለንባብ ብቻ የሚከፈትበት ምክንያት ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገው «ፋስት ስታርታፕ» ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የዊንዶውስን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ሃይበርፊል (hiberfil.sys) በሚባል ድብቅ ፋይል ያስቀምጣል፤ ሊኑክስም (ኡቡንቱ የሊኑክስ ዓይነት ነው) ድራይቩ ገና በሥራ ላይ እንዳለ ይቆጥረዋል። በግድ ከፍቶ መጻፍ ዳታ ያበላሻል፣ እባካችሁ አትሞክሩት።

ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍቼ «ፓወርሲኤፍጂ ስላሽ ኤች ኦፍ» (powercfg /h off) የሚለውን ትእዛዝ ሰጠሁት፤ ይህ ፋስት ስታርታፕንም ያጠፋል። ሃይበርፊል ወዲያው ጠፋ፤ ላፕቶፑ 16 ጊጋ ራም ስላለው 6 ጊጋ ያህል ቦታ ተለቀቀ።

ፔጅ ፋይሉን (ራም ሲጠብ ዊንዶውስ በዲስክ ላይ የሚጠቀምበትን ፋይል) ግን አላጠፋሁም፤ ከጠፋ ራም ሲሞላ ፕሮግራሞች ሊዘጉ ይችላሉ። ከፍተኛ መጠኑን 4 ጊጋ ላይ ገድቤ ወደ ዲ ድራይቭ አዛወርኩት። ለኡቡንቱ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ስዋፕ ፋይል በኡቡንቱ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ይቆይ። ሲ አሁን ከኡቡንቱም ይጻፍበታል።